ሰው ሳይቀጠር የሚወርድ የሥራ አጥነት ምጣኔ

የሥራ አጥነት ምጣኔ ክፍልፋይ ነው። በላዕሉ ሥራ አጦች፣ በታሕቱ ሥራ ያላቸውና ሥራ አጦች በድምር ይቀመጣሉ፤ የቀረው ሕዝብ በስሌቱ ውስጥ የለም። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ብያኔ ሥራ አጥ ለመባል ሥራ ማጣት ብቻ አይበቃም፤ ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ ሥራ መፈለግንም ይጠይቃል።

ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 34 የሆኑ 100 ሰዎች አሉ እንበል። 60ዎቹ ይሠራሉ፤ 15ቱ ሥራ ይፈልጋሉ፤ 25ቱ ከሥራ ኃይሉ ውጭ ናቸው። 15 ለ75 ሲካፈል 20 በመቶ ይሰጠናል። ከፈላጊዎቹ 5ቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር መቆሙ ሰልችቷቸው ፍለጋውን ቢተዉስ? 10 ለ70 ሲካፈል 14.3 በመቶ ይሆናል። አንድም ሰው አልተቀጠረም፤ ምጣኔው ግን ወረደ! ቴርሞሜትሩን ከድስቱ አውጥተን ውኃው ቀዘቀዘ እንደማለት ነው።

በዚህ የዕድሜ ክልል ጥንቃቄው ይበረታል። በብዙ አገሮች ምጣኔው ከሃያዎቹ መጀመሪያ ይልቅ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ዝቅ ይላል፤ ብዙዎች ሥራ ያገኛሉ፣ አንዳንዶች ግን ተስፋ ቆርጠው ወይም ልጅ ለማሳደግ ቤት ውለው ከታሕቱ ይወጣሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የወጣቶች ፖሊሲ ወጣትነትን በ29 ዓመት ስለሚገድበው፣ የ31 ዓመቱ ሥራ ፈላጊ በዚህ ወሰን በተሰላ የወጣቶች አኃዝ ውስጥም አይገኝም።

ታዲያ ምን እንመልከት? የሚሠሩትን ለመላው 100 ብናካፍል በፊትም በኋላም 60 በመቶ ነው። በ2013 (እ.ኤ.አ.) በጄኔቫ የተሰበሰቡ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎችም፣ ሥራ ቢገኝ ለመሥራት ዝግጁ ሆነው ሳለ መፈለግን የተዉትን የሚያካትት ተጨማሪ መለኪያ አጽድቀዋል። በዚህ መለኪያ 5ቱን ወደ ላዕሉም ወደ ታሕቱም ስንመልሳቸው ውጤቱ 15 ለ75፣ ዳግመኛ 20 በመቶ ነው።