የ«አድሚታንስ» ሁለት ፍቺዎችና የአማርኛ አቻው

«አድሚታንስ» በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ወደ አንድ ስፍራ የመግባት ፈቃድን ያመለክታል፤ በር ላይ የሚለጠፈው «ኖ አድሚታንስ» መግባት ክልክል መሆኑን ይገልጻል። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ግን ቃሉ የልኬት ስም ነው። ኦሊቨር ሄቪሳይድ በ1887 እ.ኤ.አ. የሰየመው ይህ መጠን የጅረት ለቮልቴጅ ውድር፣ ማለትም የኢምፔዳንስ ግልባጭ ሲሆን በሲመንስ ይለካል።

የበሩ ፈቃድ ወይ አለ፣ ወይ የለም። ዑደት ግን ተለዋዋጭ ጅረትን የሚያሳልፈው በመጠን ነው፤ ጅረቱም ከቮልቴጁ በፌዝ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ አድሚታንስ ኮንዳክታንስና ሰሴፕታንስ የተባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ለምሳሌ የአንድ ዑደት ኢምፔዳንስ 3 + ጄ4 ኦም ቢሆን፣ አድሚታንሱ 0.12 − ጄ0.16 ሲመንስ ይሆናል። ኮንዳክታንሱ 0.12 እንጂ የ3 ግልባጭ የሆነው 0.33 አይደለም፤ ግልባጩ የሚወሰደው ከሙሉው ኢምፔዳንስ ነውና።

ይህ ልዩነት የትርጉም ጥያቄ ያስነሣል። «ፈቃድ» የሚለው ቃል መጠንንና ፌዝን ይሰውራል። «አስተላላፊነት» ደግሞ ለኮንዳክታንስ የሚስማማ በመሆኑ ለሁለቱም ቢውል ከላይ የታየውን ስህተት ያጸናል። በመሆኑም ለአድሚታንስ «አሳላፊነት» የሚለው ስያሜ የተሻለ ይመስላል።