የቤት ሥራ፦ ቤታችንን በምን እንሥራ?



መምህር የቤት ሥራ የሚሰጥ ሰው ነው። ለመምህሩ ለራሱ ግን ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀው አንድ ከባድ የቤት ሥራ አለ፤ እሱም የሚኖርበትን ቤት መሥራት ነው። ከመካከላችን ብዙዎች የሚመደቡት የሚከራይ ክፍል እንደ ልብ በማይገኝበት ቀበሌ ነው። ታዲያ በወላጅ ጓሮ ወይም በዘመድ ግቢ አንድ ሁለት ክፍል ቀልሶ መግባት የማይቀር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ «በጭቃ ይሁን፣ በድንጋይ ወይስ በብሎኬት?» የሚለውን ጥያቄ አብረን እንመረምራለን።

1. ከራሳችን ስሕተት እንነሣ

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሦስት ባልደረቦች ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብነው በአንዲት አነስተኛ የወረዳ ከተማ ነበር። ያከራዩን እማማ «ልጆቼ፣ ኪራይ ከምትገፈግፉ ጓሮው ባዶ ነው፤ ሠርታችሁ ግቡበት» ብለው ፈቀዱልን። የእቁብ ገንዘባችንን አንድ ላይ አድርገን ባህር ዛፍ ገዛን። ጉድጓድ ቆፍረን ቋሚውን በቀጥታ ጥቁሩ አፈር ውስጥ ተከልን፤ ማገር መትተን፣ ጭቃ መርገን፣ ቆርቆሮ አልብሰን በሁለት ወር ጨረስን። ያማረ ቤት ነበር። አንደኛው ባልደረባችን በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሙሽራውን አስገባበት።

ክረምት ገባ። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ መሬቱን እየመታ ወደ ግድግዳው ይረጭ ጀመር። በመጀመሪያው ክረምት የግርጌው ምርጊት ተላጠ። በሁለተኛው ቋሚዎቹን ምስጥ ገባባቸው። በሦስተኛው አንዱ ማዕዘን ሰመጠና በሩ አልዘጋ አለ። ሙሽራ ያስገባው ባልደረባችንም ሕፃን ታቅፎ ወደ ኪራይ ቤት ተመለሰ። የሦስት ሰው እቁብ እንዲያው ውሃ በላው።

እኛም «ጭቃ ድሮም ቤት አይሆንም» እያልን አማረርን። እማማ ግን የራሳቸውን ቤት እያሳዩ «የኔስ ከምንድን ነው የተሠራው? እናንተ ቤቱን በባዶ እግሩ አቆማችሁት፤ ባርኔጣውንም አሳጠራችሁበት» አሉን። እውነታቸውን ነበር። የእሳቸው ቤት ከዚያው ጭቃ የተሠራ ሆኖ ልጆቻቸውን ሁሉ አሳድገውበታል። ነገር ግን እስከ ጉልበት ድረስ በድንጋይ የተነሣ፣ ጣራውም ከግድግዳው ራቅ ብሎ የወጣ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንድ ጎረቤት በብዙ ወጪ በብሎኬት ያሠሩት ቤት በዚያው ጥቁር አፈር ላይ ያለ በቂ መሠረት በመቆሙ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ታች ተሰንጥቆ ነበር። ስለዚህ እኛን ያከሰረን ጭቃው አልነበረም፤ ከመሬቱና ከውሃው ጋር ሳንመክር ዘዴ መምረጣችን ነው።

2. ዘዴ ከመምረጥ በፊት

ሀ. አፈሩ ምን ዓይነት ነው? ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ግድግዳ ሁሉ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለሆነም መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት መድረስ አለበት። ይህ ካልተቻለ ዋልካው ተነሥቶ በገረጋንቲ ይሞላና በደንብ ይጠቀጠቃል።

አፈሩን ለመለየት አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ክዳን ያለው ብርጭቆ ማሰሮ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ ሙሉና በኃይል ናጡት። ከዚያ ሳትነኩት አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይቀመጣል፤ ደለሉ ይከተላል፤ ሸክላማው ክፍል በመጨረሻ ቀስ ብሎ ይሰፍራል። በማግሥቱ ሦስቱን ንጣፍ በማስመሪያ ብትለኩ የአፈሩን ጠባይ ታውቃላችሁ። ይኸው ሙከራ ለክፍላችሁ የሳይንስ ትምህርትም ይሆናል እኮ!

ለ. ውሃው በየት ያልፋል? ቦታውን በበጋ ብቻ አይቶ መወሰን ያታልላል። በሐምሌና በነሐሴ ጎርፉ የት እንደሚተኛ ጎረቤት ጠይቁ። ከቤቱ በላይ ውሃውን የሚያስቀይስ ቦይ ያስፈልጋል።

ሐ. በአካባቢው ምን አለ? ማንስ ያውቃል? አባቶቻችን ዘዴ የመረጡት ከአካባቢያቸው ነው። የትግራይ ሕድሞ ድንጋይ ካለበት አገር የወጣ ቤት ነው። የዶርዜ ሰዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ ይሠራሉ፤ እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፤ ሲያስፈልግም አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ዛሬ በደጋው የምናውቀው የባህር ዛፍ ቤትም ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ ወደ አገራችን ከገባ በኋላ የተስፋፋ ነው። ብሎኬት ከሩቅ አስጭኖ ደኅና ግንበኛ ማጣት ከጭቃ ቤት ይብሳል።

መ. ቦታው የማን ነው? በሰው ጓሮ የሚሠራ ሰው ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርግ። ከቀበሌው ወይም ከማዘጋጃ ቤቱም ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ።

3. አራቱ ዘዴዎች

ሀ. የእንጨትና ጭቃ ቤት። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ያልቃል፤ ደቦም ይረዳል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ሲቦካ ይጠነክራል፤ ጭዱም ስንጥቁን ይቀንሳል። ጠላቶቹ እርጥበትና ምስጥ ናቸው። ስለዚህ ከመሬት በላይ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ግንብ፣ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ የጣራ ክፈፍና በየዓመቱ የሚታደስ ልስን ያሻዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቋሚው ላይ መቀባት ምስጥን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። በጭቃ ላይ ስሚንቶ መለሰንም አጉል ኩራት ነው፤ ሁለቱ እኩል አይንቀሳቀሱምና ልስኑ ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃል፤ ውስጡም እርጥበት ይታመቃል። ኖራ ይሻለዋል።

ለ. ድንጋይ በጭቃ። ድንጋይ በቅርብ ካለ ጽኑ ነው፤ ምስጥ አይነካውም፤ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ብርድን ይከላከላል። ነገር ግን ከባድ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ባለበት አካባቢ ያለ ማሰሪያ የተካበ ድንጋይ አደገኛ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥርም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ብዙ ቤቶች ተጎድተው ሕዝቡ ከቀዬው ተፈናቅሏል። በስምጥ ሸለቆና በአቅራቢያው የምትመደቡ ይህን ልብ በሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ቀላልና የሚተጣጠፍ የእንጨት ቤት ወይም በደንብ የታሰረ ብሎኬት ይመረጣል።

ሐ. የተጨመቀ የአፈር ጡብ። አፈር ከ5 እስከ 10 በመቶ ስሚንቶ ጋር ተቀይጦ በእጅ መጭመቂያ መሣሪያ ይጨመቃል። በዓለም ዙሪያ የታወቀው «ሲንቫ ራም» የተባለው መሣሪያ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ የተሠራ ነው። ጡቡ እሳት ስለማይፈልግ እንጨት ይቆጥባል። አሸዋ የበዛበት ቀይ አፈር ይስማማዋል፤ ዋልካ ግን አይሆንም። ጡቡ ከወጣ በኋላ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ርጥብ መሆን አለበት። ብዙ እጅ ስለሚጠይቅ መምህራን በማኅበር ቢሠሩት ያዋጣል።

መ. ብሎኬት። ምስጥ አይደፍረውም፤ ጥገናውም ትንሽ ነው። ወጪው ግን ከፍተኛ ነው። መሠረቱ ደካማ ከሆነ ጎረቤታችንን ያጋጠማቸው ይደርሳል። በግርጌና በአናቱ ፌሮ ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ኮንክሪቱም ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ መጠጣት አለበት፤ ሙሉ ጉልበቱ የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ቸኩሎ ውሃ የነፈገ ሰው የከፈለበትን ስሚንቶ አባከነ ማለት ነው።

4. ሒሳቡን በደብተር

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት እርሳስ ይውጣ። ቁመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.60 ሜትር የሆነ አንድ ክፍል እንውሰድ። ዙሪያው 14 ሜትር ነው። 14 × 2.60 = 36.40 ካሬ ሜትር። ከዚህ ላይ በሩን (0.90 × 2.10 = 1.89) እና መስኮቱን (1.00 × 1.20 = 1.20) ብንቀንስ 33.31 ካሬ ሜትር ይቀራል። 40 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብሎኬት በካሬ ሜትር 12.5 ይገባል። ስለዚህ 416 ያህል ብሎኬት ያስፈልጋል፤ ለስብራት 5 በመቶ ሲጨመር 437 ይሆናል። ይህን በአካባቢው ዋጋ አባዙት። ከዚያ ለመሠረቱና ለጣራው ምን እንደሚተርፋችሁ እዩ። ለእነዚህ የሚተርፍ ከሌለ ብሎኬቱን ተዉት፤ ጥሩ መሠረት ያለው የጭቃ ቤት ሥሩ።

ማዕዘኑን ለማቃናትም ፓይታጎረስ አለላችሁ። 3 በ4 የሆነ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ ሲለካ በሁለቱም በኩል ልክ 5 ሜትር መምጣት አለበት። ካልመጣ ቤቱ ጠማማ ነው፤ ሳይቆፈር ይታረም።

5. ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው «የትኛው ዘዴ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «በየትኛው መሬት? በየትኛው ዝናብ? በማን እጅ?» ከሚሉት ጋር ሲጠየቅ ነው መልስ የሚያገኘው። ገንዘባችን ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ ለመሠረቱ፣ ቀጥሎ ለጣራው፣ በመጨረሻ ለግድግዳው እናውጣው። ግድግዳ ዘግይቶ ሊታደስ ይችላል፤ የተቀበረን መሠረት ግን ማንም ቆፍሮ አያድስም። እኛ ይህን የተማርነው በሦስት ሰው እቁብ ነው። እናንተ በነፃ ተማሩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በትውልድ አካባቢያችሁ ረጅም ዕድሜ የቆየው ቤት በምን ተሠራ? እግሩና ባርኔጣውስ ምን ይመስላል?
2. በግቢያችን ከሦስት ቦታ አፈር ወስዳችሁ የማሰሮውን ሙከራ ሥሩ። ለጡብ የሚስማማው የትኛው ነው?
3. ከላይ ያለው ክፍል ከፍታው ወደ 2.80 ሜትር ቢያድግ ስንት ብሎኬት ይጨመራል?