የማያቋርጥ የአፍንጫ ፈሳሽ ምክንያቱ እንዴት ይለያል?

አፍንጫው ዘወትር የሚፈስስ ተማሪ መሐረቡን ባወጣ ቍጥር ጓደኞቹ ይስቁበታል፤ ወላጆቹም «ጉንፋን አልለቅ አለው» እያሉ ገንዘባቸውን ለመድኃኒት ያወጣሉ። ነገር ግን ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቅቃል። ፈሳሹ ለሳምንታት ከቆየ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። ስለዚህ ሁለቱን ዋና ዋና ምክንያቶች ለይቼ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛው አለርጂ ነው። ይኸውም የሰውነት መከላከያ ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲዋጋ፥ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል። ያን ጊዜ አፍንጫና ዓይን ያሳክካሉ፤ ማስነጠስ ይደጋገማል፤ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይወርዳል። ክረምቱ ሲወጣ በሐይቅ ዳርና በአምባሰል ተረተር ሣሩ ያብብና ብናኙ በነፋስ ይበተናል። ብዙ ሰው አደይ አበባን ይወቅሳል፤ ሆኖም የአደይን ብናኝ ይበልጡን የሚያመላልሱት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ስለ ሆኑ፥ ከእርሱ ይልቅ ሣሩ ይጠረጠራል። ዓመቱን ሙሉ የሚያሳክከው ሰው ደግሞ በመኝታው አቧራ ውስጥ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ወይም ድመቱን ይጠርጥር።

ሁለተኛው ያለ አለርጂ የሚመጣው ነው። የኩበት ጢስ፥ የሚቆላ በርበሬ፥ የሽቶ ሽታ፥ የማለዳ ብርድ አፍንጫን ያስቈጣሉ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሲቃጠል የብዙዎቻችን አፍንጫ መፍሰሱ ለዚህ ምሳሌ ነው። በዚህኛው ማሳከክ እምብዛም የለም። የአውድማ እብቅ ግን ሁለቱንም ሊያመጣ ይችላል።

ለመለየት ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ መቼ ይፈስሳል? የት ይፈስሳል? ያሳክካልን? እኔም የታናሽ ወንድሜን ነገር ለሦስት ሳምንት በደብተር ጻፍሁ። የሚፈስሰው እናታችን እንጀራ ስትጋግር ነበር፤ ማሳከክም አልነበረውም። ስለዚህ ጢሱን ጠረጠርን፤ መኝታውን ከምድጃው ብናርቅለት ቀለለው።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለሁለቱም አይረዳም። አፍንጫ የሚከፍተውም ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ መልሶ ያፍናል።

ፈሳሹ ከአንድ ቀዳዳ ብቻ ከወጣ፥ ከሸተተ፥ ደም ከቀላቀለ ወይም ራስ ከተመታ በኋላ ከጀመረ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። ሕፃናትም ሽንብራ ወይም ባቄላ አፍንጫቸው ውስጥ ይከትታሉና ይታዩ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ መድኃኒት ከመግዛት አስቀድሞ ምክንያቱን መጠየቅ ይበጃል። እናንተም ጓደኞቼ፥ መሐረብ በያዘው ላይ ከመሳቅ፥ መቼና የት እንደሚብስበት ብትጠይቁት ይጠቅመዋል።