የጋሪ ኩሽኔታ አያያዝ

በሮቤና በጎባ አካባቢ ጋሪ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ስንዴውን ወደ ወፍጮ፣ ሰውንም ወደ ገበያ ያደርሳል። አዲስ ጋሪ የገዛ ሰው ፈረሱን ያበላል፤ ጎማውንም ያስነፋል። በጎማው እምብርት ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ ግን ስለማያየው ይረሳዋል።

ኩሽኔታ ምንድን ነው? በውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች ወይም ድቡልቡል ብረቶች ያሉበት ቀለበት ነው። ከባድ ግንድ መሬት ለመሬት ስንጎትት እንደክማለን። ከሥሩ ድቡልቡል እንጨት ብናደርግለት ግን እየተንከባለለ ይሄድልናል። የኩሽኔታም ሥራ ይኸው ነው። ፊሊፕ ቮን የተባለ የዌልስ ሰው በ1794 እ.ኤ.አ. በዚህ ዘዴ የሠረገላ ጎማ ሠርቶ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

ብረት ከብረት ሲፋተግ ይግላል፤ ይበላልም። ይህን የሚከላከለው ግሪስ ነው። የግሪስ ጠላቶች ደግሞ ውሃና አቧራ ናቸው። ብዙ መንገድ የሄደ ጋሪ ኩሽኔታው ይሞቃል። እንደሞቀ ሻያ ወንዝ ውስጥ ብናስገባው በውስጡ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ በላስቲኩ ሥር ውሃ ይስባል። ውሃው ግሪሱን ያበላሻል፤ ብረቱን ያዝጋል። ስለዚህ ጋሪን ወንዝ ውስጥ አቁመን አንጠብ። መሻገር ግድ ከሆነ ጎማው እስኪበርድ እንቆይ። ፈረሱም ያርፋል።

የኩሽኔታን ጉዳት በምን እናውቃለን? ፈረሱን እንፍታ። በአንዱ ጎማ ግራና ቀኝ ድንጋይ እናድርግ፤ ሌላውን ከመሬት አንስተን ከሥሩ ጠንካራ ድጋፍ እናድርግለት። ጎማውን ስናሽከረክረው ከተንኳኳ ወይም ከተንገጫገጨ፣ ላይና ታች ይዘን ስንነቀንቀው ከተወዛወዘ ችግር አለ። ከጉዞ በኋላም እምብርቱ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጋሪውን እናቁም።

በበልግም በመኸርም፣ እህል ማጓጓዝ ሳይጀመር ኩሽኔታውን እናጽዳ። አሠራሩ እንዲህ ነው።

1. ዳዶውን ፈተን ኩሽኔታውን እናውጣ።
2. አሮጌውን ግሪስ በነጭ ጋዝ አጥበን እናድርቀው። በአጠገቡ እሳት አይኑር፤ ሲጋራም አይጨስ።
3. የተበላ፣ የተሰነጠቀ ወይም የዛገ ከሆነ በአዲስ እንለውጠው።
4. ንጹሕ ግሪስ መዳፋችን ላይ አድርገን፣ በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ኩሽኔታው ውስጥ እንጫነው።
5. የተቀደደውን ላስቲክ እንለውጥ።
6. ዳዶውን ጎማውን እያሽከረከርን እናጥብቅ፤ ከዚያ ጥቂት እናላላው። ጎማው ሳይወዛወዝ እንደልቡ መዞር አለበት። የዳዶውን መያዣ ሽቦ መመለስ አንርሳ።

ሁለቱም ጎኑ የተደፈነ ኩሽኔታ ግን አይከፈትም። ሲጎዳ ይለወጣል።

ኩሽኔታው የደረቀበት ጋሪ ባዶውንም ይከብዳል። ፈረሱ ሲለግም ሰነፍ ይመስለናል፤ አለንጋ እናነሣለን። ጥፋቱ ግን የፈረሱ አይደለም። ችላ ካልነው ጎማው መንገድ ላይ ሊወልቅ፣ ሰውም ፈረስም ሊጎዳ ይችላል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የሞቀ ኩሽኔታ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?
2. ፈረስ ጋሪ መጎተት ሲያቅተው መጀመሪያ ምን እንመርምር?