የውሃ ማሞቂያ ለምን ይንጣጣል?

የከርሰ ምድር ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየም ባይካርቦኔት አሟሙቶ ይወጣል። ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ ይሟሟል፤ የዚህኛው ጠባይ ግን ተቃራኒ ነው። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅና ካልሲየም ካርቦኔት በሬዚስታንሱ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቅርፊቱ ሙቀት በሚገባ ስለማያስተላልፍ ሬዚስታንሱ ከልክ በላይ ይግላል፤ ከሥሩ የገባው ውሃ በድንገት ሲተን ነው የሚንጣጣው። ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አቋርጦ፣ ውሃውን አቀዝቅዞ ካፈሰሱ በኋላ ሬዚስታንሱን አውጥቶ በአቼቶ መዘፍዘፍ ይበቃል።

ያው ቅርፊት ሴፍቲ ቫልቩንም ሊዘጋ ይችላል። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ መጠኑ በሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ቫልቩ በማሞቅ ጊዜ ማንጠባጠቡ ብልሽት አይደለም። «አፈሰሰ» ተብሎ በቡሽ ሲደፈን ግን አይተናል። ቴርሞስታቱ በተበላሸ ዕለት እንዲህ የተደፈነ ማሞቂያ ይፈነዳል።