የስኳር ሕመምና የሳንባ ቫይረስ፦ ነጭ የደም ሕዋሳት ለምን ይዘገያሉ?

በየዓመቱ ቅዝቃዜው ሲጀምር በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘ ሄግ የሚኖሩ የስኳር ሕሙማን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በነፃ እንዲወስዱ የሚጋብዝ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ጥሪው 60 ዓመት ለሞላቸው ሁሉ የሚላክ ሲሆን፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ወጣት ቢሆንም ይካተታል። የሠላሳ ዓመቱ ጎልማሳ ከአዛውንቱ እኩል የሚሰጋለት በነጭ የደም ሕዋሳቱ ጠባይ ምክንያት ነው።

የሥጋቱ ልክ በኮቪድ ወቅት ታይቷል። በእንግሊዝ እስከ ግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. በሆስፒታል ከሞቱት የኮቪድ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ የስኳር ሕመም ነበረባቸው።

በጤናማ ሳንባ ውስጥ ቫይረስ ሲገባ፣ የተጠቁት ሕዋሳት ኢንተርፌሮን የተባለ የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር ይረጫሉ። መልእክተኛ ልንላቸው የምንችላቸው ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ደግሞ የቫይረሱን ቁራጭ ይዘው ወደ ንፍፊት ይጓዛሉ፤ በዚያም ቲ ሕዋሳትን ቀስቅሰው ያሰለጥናሉ። የደም ስኳር ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ ይህ ቅብብሎሽ ይደናቀፋል። በእስራኤል የዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይፋ ባደረጉት የአይጦች ጥናት፣ ብዙ ስኳር የመልእክተኞቹን ሕዋሳት ውስጣዊ አሠራር እንደሚያዛባ፣ በዚህም ቲ ሕዋሳትን በሚገባ መቀስቀስ እንደሚሳናቸው አሳይተዋል። ትልቁ ቁም ነገር ግን ቀጥሎ የመጣው ነው፦ የአይጦቹ ስኳር በኢንሱሊን ሲስተካከል ጉድለቱም ተስተካከለ።

መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። የመጀመሪያው ምላሽ ሲዘገይ ቫይረሱ ይራባል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ምላሽ ደግሞ መጠኑን ያልፋል። የብራዚል ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. እንዳረጋገጡት፣ ሞኖሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳት ስኳር በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ በኮሮና ቫይረስ ሲጠቁ፣ ቫይረሱም ይበልጥ ይባዛባቸዋል፤ እብጠት የሚያስነሱ ንጥረ ነገሮችንም በብዛት ያመነጫሉ።

በሮተርዳም የኢራስመስ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበሩ 10 የኮቪድ ሕሙማንን ደም መርምረው ነበር። በአሥሩም ላይ ቫይረሱን የሚለዩ ሲዲ4 ቲ ሕዋሳት፣ በስምንቱ ላይ ደግሞ ሲዲ8 ቲ ሕዋሳት ተገኙ። ጥናቱ የስኳር ሕሙማንን ለይቶ የተመለከተ ባይሆንም፣ በጽኑ የታመመ ሰው ሠራዊት አልባ ነው ማለት እንዳልሆነ ያስረዳል። ሠራዊቱ መቼ ደረሰ፣ ምንስ አደረገ የሚለው ነው ወሳኙ።

በአምስተርዳም የሳንኩዊን የደም ባንክ ሳይንቲስቶችም በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በከባድ ሕሙማን ደም ውስጥ ፉኮስ የተባለው ስኳር የጎደለው ፀረ እንግዳ አካል በብዛት እንደሚገኝና እብጠትን እንደሚያባብስ ገልጸዋል። እዚህ ላይ ስኳር የሚለው ቃል ሊያደናግር አይገባም፤ ፉኮስ በደም ውስጥ ከሚለካው ግሉኮስ የተለየ ነው።

በዘ ሄግ ነገሩ የማኅበረሰብ ጉዳይ ነው። የኔዘርላንድስ ትልቁ የሂንዱስታን ሱሪናማውያን ማኅበረሰብ የሚኖረው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ የስኳር ሕመም በለጋ ዕድሜ፣ ብዙም ባልወፈሩ ሰዎች ላይ ጭምር ይታይባቸዋል። ከሲታ የስኳር ሕመምተኛ ለኢትዮጵያ ሐኪሞችም እንግዳ አይደለም። «እኔ ቀጭን ነኝ፤ ስኳር አይነካኝም» የሚል ሰው ሳይመረመር ከቫይረሱ ጋር ሊገናኝ ይችላል።

ኢንሱሊን ለሚወጉ ሰዎች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ትኩሳት ሲይዝ ምግብ ይዘጋል፤ «ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ?» ብሎ መርፌውን መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ነገር ግን ሰውነት በሕመም ጊዜ እንደ ኮርቲሶልና አድሬናሊን ያሉ ሆርሞኖችን ስለሚያመነጭ፣ ሆድ ባዶ ቢሆንም እንኳ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በተለይ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ ደሙ በሰዓታት ውስጥ አሲድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሕመም ቀን ስኳርን ደጋግሞ መለካት፣ ፈሳሽ መውሰድና የመርፌውን መጠን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ማስተካከል ያስፈልጋል። ክኒን የሚወስዱትም ትውከት ወይም ተቅማጥ ከበረታባቸው ወዲያው ሐኪማቸው ዘንድ ሊደውሉ ይገባል፤ ለጊዜው የሚቋረጡ ክኒኖች አሉና።