አንደኛ ክፍል ለያዝሽው ልጄ

ልጄ፣ በአምቢኮ በኩል ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ አንደኛ ክፍል ተሰጣት ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንቺ ግን እንደ ቅጣት ቆጥረሽዋል አሉ። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ፣ የቧሂትን ብርድ ተሻግሮ፣ መሸሃ ወንዝ ድረስ ወርዶ እንደገና ዳገት መውጣት ለአዲስ መምህር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ዕድሜዬን በዳባትና በደባርቅ ገጠር ጠመኔ ይዤ የኖርኩ ነኝና የማውቀውን ልምከርሽ። ምክሬ ብዙ ቢመስልም የሚዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ሲያነብ ቁጭ ብለሽ አዳምጪው።

1. አንደኛ ክፍልን አትናቂው። በየትምህርት ቤቱ ጎበዝ የሚባለው መምህር ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ይወሰዳል፤ አዲስ መጤው ወይም ከርእሰ መምህሩ ጋር ያልተስማማው አንደኛ ክፍል ይሰጠዋል። ይህ ልማድ አገር ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ ሕዝቡ ሁሉ ደነገጠ፤ በዓመቱም 3.2 በመቶ ሆነ። እነዚያ በ2014 የተፈተኑት ልጆች አንደኛ ክፍል የገቡት 2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በልዩ ልዩ ክልሎች የታችኛው ክፍል ልጆች ንባብ ተመዝኖ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። ንባብ የተዘነጋው ያኔ ነው፤ ድንጋጤው የመጣው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

2. የማኅበር ንባብ አያታልልሽ። መምህሩ «ላሟ ሣር በላች» ይላል፣ ስድሳ ልጅ ተቀብሎ ቆርቆሮውን ያናጋዋል። ሱፐርቫይዘሩ ደስ ብሎት ይወጣል። አንቺ ግን ጠጋ ብለሽ የልጆቹን ዓይንና ጣት ተመልከቺ። የአንዱ ጣት «ሣር» ላይ ቆሞ አፉ «በላች» ላይ ደርሷል። ሌላዋ ገጹን ሳታይ መስኮቱን እያየች ሙሉውን ትጨርሰዋለች። ሸምድዳዋለች እንጂ አላነበበችውም። ይህን የምታረጋግጪበት ቀላል መንገድ አለ፤ ወረቀት ወስደሽ መሀሉ ላይ አንዲት ቃል የምታሳይ ቀዳዳ ቅደጂና ገጹ ላይ አድርጊው፣ በቀዳዳው የምትታየውን ቃል ብቻ ጠይቂ። የሸመደደው ልጅ ዝም ይላል፣ ወይም ወረቀቱን አንስቶ ሥዕሉን ሊያይ ይሞክራል። አትቆጪው፤ ችግሩን ስላሳየሽ አመስግኚው።

3. ከየኔታ ስንደዶውን ውሰጂ፣ አለንጋውን ተዪ። የጥንቶቹ መምህራን ይህን የሽምደዳ ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ሀሁን በተርታ የለመደ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ በዜማ ሊወርደው ይችላልና፣ ቀጥሎ አቡጊዳን ያስቆጥሩታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዚህ ላይ የፊደሉ ዘርም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ፣ ቀድሞ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ ማየት ግድ ይሆንበታል። የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታ ሀሁንና አቡጊዳን አብሮ የያዘው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ከዚያም ልጁ መልእክተ ዮሐንስን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀመጣል፤ በስንደዶ ፊደል ፊደሉን እየጠቆመ ለብቻው ይነበንባል፤ በግዕዝ፣ በውርድ፣ በቁም ንባብ እያለ ዳዊት ይደርሳል። በመስጊድም በኩል ብታዪ ልጁ የእንጨት ሉሁን ይዞ ኡስታዙ ፊት የሚቀርበው ለብቻው ነው። አያቶቻችን ጥቁር ሰሌዳ ሳይኖራቸው አንባቢ ያፈሩት በዚህ ነው። የጎደላቸው፣ ልጁ የሚያነበው ቋንቋ የማይገባው መሆኑ ነበር፤ አንቺ ግን የምታስተምሪው በእናቱ ቋንቋ ነው።

4. ፊደሉን እስኪጨርሱ አትጠብቂ። 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ናቸው። ያንን ሁሉ ሳይጨርስ ቃል አያነብም የሚል መምህር ልጁን እስከ ግንቦት ያስጠብቀዋል። ሰ፣ መ፣ ለ፣ በ ብቻ ከነቤተሰባቸው ከያዙልሽ፣ በእነዚህ 28 ቅርጾች ላም፣ ሰላም፣ ሙሉ፣ በላ፣ ሰማ፣ ሳመ ይነበባሉ። «ሰማ»ንና «ሳመ»ን ጎን ለጎን ጽፈሽ አሳዪአቸው፤ የአንድ እግር መርዘምና ማጠር ነገሩን ሁሉ እንደሚለውጠው ሲያዩ የሚስቁትን ሳቅ ታያለሽ።

የቅርጹንም ሕግ ንገሪአቸው። የካዕብ ጭረት በቀኝ ወገቡ ላይ ነው፣ የሳልስ ከቀኝ እግሩ ሥር ነው፣ ኃምስ እዚያው እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፣ ሁለት እግር ካለው ራብዑ የግራውን ያሳጥራል። «በ»ን ከነቤተሰቡ ያወቀ ልጅ «ሸ»ን ስትሰጪው ራሱ ይፈታዋል። ከሕጉ የሚወጡትን፣ እንደ ረ እና ፈ ያሉትን፣ ለብቻቸው አስተምሪ። ሳድስ ግን እንደየፊደሉ መልኩ ይለያያልና አንድ በአንድ፣ ጊዜ ወስደሽ አስተምሪው፤ አብዛኛው ልጅ የሚሰናከለው እሱ ላይ ነው። ሐ እና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ቆይተው ይድረሱ።

5. ደብተር ያዢ። ስድሳ ልጅ ቢኖርሽ በቀን ስድስቱን ብትሰሚ በአሥር የትምህርት ቀን ሁሉንም ታዳርሻለሽ። ለአንዱ ልጅ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ አንዱን ጠረጴዛሽ አጠገብ ጥሪው፤ ከዚህ በፊት ያላየውን አጭር ምንባብ ስጪው። ከስሙ ፊት ለፊት የምትጽፊው ከሦስት አንዱን ነው፦ ያነባል፣ ፊደል እየቆጠረ ያነባል፣ አልጀመረም። ከዚህ በላይ አታወሳስቢው። ከዚያ «አልጀመረም» ያልሻቸውን ከኋላ አግዳሚ አንስተሽ ፊት አስቀምጪ። እጅ የሚያወጡት ልጆች ክፍሉን ይዘውት እንዳይሄዱ ተጠንቀቂ፤ መምህር ሳታውቀው የምታስተምረው ለእነሱ ብቻ ይሆናል። እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጅ ሳይወድቅ ሲሻገር በኖረበት አሠራር፣ ከአንቺ ደብተር በስተቀር ማንበብ አለመቻሉን የሚመሰክር ወረቀት ላይኖር ይችላል።

6. ዓይኑን እዪለት። ክልላችን ትራኮማ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ሰሌዳ ላይ ያለውን የማይመልስ፣ ደብተሩ ላይ ግን የሚያነብ ልጅ ካገኘሽ ሰነፍ ከማለትሽ በፊት ቦታውን ለውጪለት፣ ወደ ጤና ኬላም ላኪው።

7. ካነበበ በኋላ «ምን አለ?» በይው። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «አለ» የሚለው ተናገረ ማለት ይሁን ይገኛል ማለት የሚታወቀው በነገሩ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያልገባው ልጅ በትክክል ሊያሰማው እንኳን አይችልም። ማስተዋልን ለአራተኛ ክፍል አታቆዪው። ልጆችሽ ብዙ ቃል ይዘው ነው የመጡት። ጭላዳ ዝንጀሮ ገብስ ሲበላ እንዴት እንደሚባረር፣ ጅብራ የት እንደሚበቅል፣ የኅዳር ውርጭ እግር ላይ ምን እንደሚያደርግ ይነግሩሻል። አንዱ ሲናገር አንቺ እሱ ባለው ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፊው፤ ከዚያ ክፍሉ ያንብበው። የራሱ አባባል ተጽፎ ሲያይ ጽሑፍ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል። ማታ እሳት ዳር የሰሙትን ተረትና እንቆቅልሽ ጠዋት ይዘው እንዲመጡ እዘዢአቸው፤ ካዘዝሻቸው የቤት ሥራ ሁሉ አንድም ልጅ የማይረሳው ይህን ነው።

8. መጽሐፍ ይቀደድ። በርእሰ መምህሩ ቁም ሣጥን ተቆልፎ አዲስ ሆኖ የከረመ መጽሐፍ ብዙ አይቻለሁ። ተጠያቂነት ስለሚያስፈራ ነው። አንቺ ግን ፈርመሽም ቢሆን አውጪው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሜሪካ ሳንፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ የነበሩ ሰው ናቸው። አገራቸው ገብተው አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ በሚስበው ጋሪ መጽሐፍ ጭነው ልጆች ዘንድ አደረሱ። የልጆች ተረት መጽሐፍም የጻፉት ለልጅ የሚሆን መጽሐፍ እጥረቱ ስላሳሰባቸው ነው። እኛ ዘንድ ጋሪ አይገባም፤ በቅሎ ግን የጎብኚ ጓዝ ጭና ራስ ደጀን ሥር ድረስ ትሄዳለች። ደባርቅ ደርሶ ለሚመለስ ባለ በቅሎ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ጨምርልኝ ብትዪው እንቢ የሚልሽ አይመስለኝም፤ የእሱም ልጅ የሚማረው አንቺ ዘንድ ነውና። መጽሐፍ እስኪመጣም በካርቶንና በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ስቀዪ።

9. ያልተማረ ወላጅ አይረዳኝም አትበዪ። ወላጅ ስብሰባ ላይ «ልጆቻችሁን አስጠኑ» ሲባል እናቶች አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ናቸውና። አንቺ ሌላ ነገር ለምኛቸው። ቡና ሲፈላ ልጁ ከፊታቸው ተቀምጦ አንድ ገጽ ያንብብ፤ እናቱ ቡናዋን እየቆላች ትስማው፤ ሲጨርስ «በል እስቲ ምን አለ?» ትበለው። የሚደናቀፍና የሚፈስ ንባብ ያልተማረ ጆሮም ይለየዋል። አባትየውንም በከብት ጥበቃና በገብስ አጨዳ ወቅት ስለሚቀረው ልጅ ስታነጋግሪ አትገሥጪው፤ ያለ ልጁ ጉልበት የሚኖር ቤት ስላልሆነ ነው። ከቀረባቸው ቀናት የትኞቹን እንደሚያካክስ አብራችሁ ተነጋገሩ።

10. በዕድሜ ያለፈውን ልጅ አታሳፍሪው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤት ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ድረስ መጣ፣ ደባርቅ ተፈናቃይ ተቀበለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት በሩን ዘግቷል። ስለዚህ አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶት ፊደል ያልለየ ልጅ ክፍልሽ ይገባል። ይህ ልጅ ከትንንሾቹ መሀል ቆሞ ሲሳሳት መሳቂያ መሆኑን ካየ በማግስቱ ይቀራል። ልጆች ከወጡ በኋላ ወይም ከመግባታቸው በፊት ለብቻው ስሚው። በዕድሜው ስለሚፈጥን ጥቂት ወር ይበቃዋል። የደረሰበትን ፊደል ትንንሾቹን እንዲያስቆጥር አድርጊው፤ እሱም በዚያው ያጸናዋል። ስላሳለፈው ነገር ካልነገረሽ አትጠይቂው፤ ሊነግርሽ ሲመጣ ግን ትምህርቱን አቁመሽ ስሚው።

11. ትንሽ መሆናችሁን ተጠቀሙበት። በብራዚል ሰሜን ምሥራቅ፣ በድርቅ በሚታወቀው በሴያራ ግዛት፣ ሶብራል የሚባል ከተማ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልጆቹን ለየብቻ አስነብቦ ቢፈትን፣ ግማሽ የሚሆኑት ማንበብ የማይችሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ርእሳነ መምህራንን በችሎታ መረጠ፣ ጎበዞቹን መምህራን ለመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሰጠ፣ እያንዳንዱን ልጅ በየጊዜው ድምፅ አውጥቶ ማስነበብ ቀጠለ። አሥራ አምስት ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአገሪቱ የትምህርት ጥራት መለኪያ ሀብታሞቹን ከተሞች ሁሉ ቀድሞ አንደኛ ወጣ። እናንተ ደግሞ ከዚያም ታንሳላችሁ፤ በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍልን የያዙ መምህራን በጣት ይቆጠራሉ። በወር አንድ ቀን ተገናኙ። አንቺ የጎረቤቱን ትምህርት ቤት ልጆች አስነብቢ፣ እሱ የአንቺን ያስነብብ፤ የራሱን ተማሪ የሚሰማ መምህር ያደላልና። ውጤቱን ለወረዳው ከመላካችሁ በፊት እናንተው ተነጋገሩበት፤ ቁጥር ለሪፖርት ብሎ ማሳመር የተጀመረ ዕለት ሥራው ሁሉ ይበላሻል።

ርእሰ መምህርሽንም አንድ ነገር ለምኚው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከእነዚሁ ልጆች ጋር ሁለተኛ ክፍል እንድትወጪ። ማን የት እንደሚደናቀፍ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

12. ሰኔ ላይ ደብተሩን አስረክቢ። ከእነሱ ጋር መውጣት ካልተፈቀደልሽ ወይም ዝውውር ከደረሰሽ፣ ያ የንባብ ደብተር ከአንቺ ጋር እንዳይሄድ። ለሚተካሽ መምህር በእጁ ስጪው፣ «አልጀመረም» እንደተባሉ የቀሩትን ልጆች ስም በቀይ አስምሪበት፤ ከጎኑም የትኛው ፊደል ላይ እንደቆሙ ጻፊ። ክረምቱ ሲጠና መሸሃ ይሞላል፣ መንገዱ ይቆረጣል፤ ከመዘጋቱ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያነበው አንድ ነገር፣ ቢያንስ በእጅሽ የጻፍሽለት ሦስት ገጽ፣ ይዞ ቤቱ ይግባ። መስከረም ላይ ገጹ ጨቅይቶና ዳሩ ተበልቶ ከመጣ፣ ያንን ልጅ መጀመሪያ አስነብቢው።